በላይነሽ በሀስና ምድጃ

ቆቦ ውስጥ፣ ወደ ጎብዬ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ የካሣዬ ሥጋ ቤት አለ። ከፊት ለፊት ሥጋው ይሰቀላል፤ ከኋላ ባለው ጓሮ ደግሞ የቆርቆሮ ጥላ፣ አግዳሚ ወንበሮችና ተደርድረው የቆሙ የብረት ምድጃዎች አሉ። ደንበኛው ሥጋውን ከፊት ገዝቶ ወደ ጓሮ ይዞራል፣ ፍም ላይ ያስጠብሳል፣ እዚያው ቁጭ ብሎ ይበላል። ያንን ፍም አቀጣጥላ የምታደርሰው በላይነሽ ናት።

በላይነሽ ሃምሳ ዓመት አልፏታል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። የተወለደችው ከቆቦ በስተምሥራቅ፣ ወደ ዞብል ተራራ መዳረሻ ባለ ገጠር ነው። ባሏ እሱባለው በወጣትነቱ ታሞ ሲሞትባት ሕፃን ልጇን አዝላ ጎብዬ ገባች፤ መንገድ ዳር ምድጃ ዘርግታ የበቆሎ እሸት እየጠበሰች መሸጥ ጀመረች። አውቶቡስ አይጠብቅም። ተሳፋሪው በመስኮት እጁን ሲዘረጋ በቆሎው ካልደረሰ ገበያው አለቀ። እርጥብ ከሰል ሲገጥማት፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው የቆላ ነፋስ አመዱን ፊቷ ላይ ሲበትንባት፣ ብዙ ቀን አልቅሳለች። ቀስ በቀስ ግን እሳቱን ለመደችው። ፍሬው ተበልቶ የተጣለውን የበቆሎ ቆረቆንዳ ለቅማ ታደርቃለች፤ እሱን ከሥር ትለኩሳለች፤ በላዩ ደቃቁን ከሰል፣ ከዚያ ተለቅ ተለቅ ያለውን ትደረድራለች፤ ጀርባዋን ለነፋሱ ሰጥታ ቁጭ ትላለች። በዚያች ምድጃ ልጇን ኤሌኒን አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ለወግ ለማዕረግ አበቃች። ኤሌኒ ዛሬ ደሴ ባለትዳር ናት።

ካሣዬ ወደ ሥጋ ቤቱ የወሰዳት ከዚያ ከጎብዬ መንገድ ዳር አይቷት ነው። ለብዙ ምድጃ ባንድ ጊዜ ፍም ማድረስ ግን ሌላ ሥራ ሆነባት። ደንበኛ ይቸኩላል። አንዱ ሻማ አቅልጪበት ይላል፤ ሌላው ፌስታል ክተቺበት ይላል፤ ብዙው ጋዝ አርከፍክፊበት ይላል። ሁሉንም ሞክራዋለች። ሻማው ቶሎ ያልቃል፤ ፌስታሉ ጥቁር ጢስ ያወጣና ጉሮሮ ይከረክራል፤ ጋዙ ደግሞ ሥጋው ላይ ጠረኑን ይተዋል። በመጨረሻ ትልቅ የድልህ ቆርቆሮ አግኝታ ከላይም ከታችም አስከፈተችው፤ በታችኛው አፉ ዙሪያ በሚስማር በሳሳችው። ቆርቆሮውን ምድጃው ላይ አቁማ ከሥሩ ቆረቆንዳ፣ በላዩ ከሰል ትሞላዋለች። አየሩ ከታች እየሳበ እሳቱን ወደ ላይ ይዞት ይወጣል። የላይኛው ከሰል ዳር ዳሩ ነጭ አመድ ሲለብስ ቆርቆሮውን በመቆንጠጫ አንስታ ፍሙን ትዘረጋዋለች። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ማራገብ እንኳ ብዙም አያስፈልግም።

ከካሣዬ ጓሮ ጎን ለጎን የፈሪድ ሥጋ ቤት ጓሮ ነው። ካሣዬ ጋ ክርስቲያኑ ይበላል፣ ፈሪድ ጋ ሙስሊሙ። ደንበኞቻቸው በር ላይ ሰላም ተባብለው፣ ቀልድ ተለዋውጠው፣ አንዱ በዚህ ሌላው በዚያ ይገባል። በሁለቱ ጓሮዎች መሐል የቆርቆሮ አጥር አለ። በጦርነቱ ወራት ሱቅ ሁሉ ተዘግቶ ክብሪት ሲጠፋ ሰፈሩ ፍም እየተዋዋሰ ስለከረመ፣ ያ አጥር አንድ ጥጉ ላይ ተገልጦ ቀርቷል። ቀድሞ እሳት የያዘለት ጓሮ በዚያች ቀዳዳ በአካፋ ፍም ያቀብላል።

በፈሪድ በኩል እሳቱን የያዘችው ሀስና ነበረች። ሀስና የዋጃ ልጅ ናት፤ ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ትገኛለች። ዓይናቸው የደከመ እናቷን ወይዘሮ ዚነትን ይዛ ቆቦ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ሥራዋ ፈጣን፣ ሳቋ ቅርብ፣ ምላሷ ስል ነው። ፍም መዋስ አትወድም፤ ቆሞ መጠበቅም አትወድም። ለባጃጅ በሃይላንድ ጠርሙስ ከሚሸጠው ቤንዚን እየገዛች ከሰሉ ላይ ታርከፈክፍና ክብሪት ትጥልበታለች። እሳቱ ቦግ ሲል በላይነሽ ከአጥሩ ወዲህ ሆና ትደነግጣለች።

"ሀስና፣ ያን ነገር ተይው። ነጭ ጋዝ እንኳ ቢሆን ቀስ ብሎ ነው የሚይዘው። ቤንዚን ግን እንፋሎቱ ራሱ እሳት ነው" አለቻት አንድ ቀን።

"እትዬ በላይነሽ፣ ያንቺ ቆርቆሮ እስኪሞቅ እኔ ሥጋ አስበልቼ ደንበኛ ሸኝቻለሁ!" ብላ ሳቀች ሀስና።

በላይነሽም ሳቀች። ሀስናን ትወዳታለች። ወደ ምድጃዋም ተመለሰች።

በ2017 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ላይ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጠሙ። የካሣዬ ሥጋ ቤት ለጾሙ ተዘጋ። በላይነሽ ግን ምድጃዎቹን ፍቃ፣ ዝገታቸውን አራግፋ፣ ዘይት ቀብታ ልታስቀምጥ በየቀኑ ብቅ ትል ነበር። የፈሪድ ቤት ቀን ቀን ጭር ብሎ ይውልና አመሻሽ ላይ ለኢፍጣር ሥራው ይጧጧፋል። ሰው ሁሉ ባንድ ሰዓት ነው የሚመጣው፤ ምድጃውም ባንድ ሰዓት መድረስ አለበት።

በረመዳን የመጀመሪያ ሳምንት፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ሀስና ለኩሳው የነበረው አንድ ምድጃ የጠፋ መሰላት። ጢስ የለውም፣ ነበልባል የለውም። ቀኑን ሙሉ ጾማ ውላለች፤ ራሷ ዞሯል፤ ፈሪድም ከፊት ሆኖ "ደረሰ ወይ?" እያለ ይጣራል። ጠርሙሱን አነሳችና ዘቅዘቅ አደረገችው። ከሥር ግን ፍም ነበረ። እሳቱ የቤንዚኑን መስመር ተከትሎ ወደ እጇ ወጣ። ጠርሙሱን ስትወረውረው ቀሚሷ ላይ ተረጨ።

በላይነሽ ጩኸቱን ሰማች። እንዴት እንዳለፈች ዛሬም አታውቀውም፤ በዚያች ፍም ማቀበያ ቀዳዳ ቆርቆሮውን ገንጥላ ገባች። ለምድጃ ማጽጃ ውሃ ነክራው የነበረውን ጆንያ እንደያዘች ነበርና ሀስና ላይ ጣለችው፤ አቅፋት መሬት ላይ ወደቀች። እሳቱ ሲጠፋ ከበርሜሉ ውሃ እየቀዳች እጇና አንገቷ ላይ ታፈስላት ጀመር። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ኮልጌት ቀቧት ይላል፣ አንዷ ሊጥ ይዛ መጣች።

"ምንም አትቀቧት! ውሃ ብቻ አምጡልኝ!" አለች በላይነሽ። ይህን ያለችው ሌላ የምታውቀው ነገር ስለሌላት ነበር፤ እሷ ራሷ በጎብዬ ዘመኗ ስትቃጠል ውሃ ነበር የሚያስታግስላት።

ፈሪድ ባጃጅ አስቁሞ ሁለቱንም ጫነና ሐኪም ቤት አደረሳቸው። ሐኪሞቹ ሀስናን አስተኟት። ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ፣ አንገቷም በአንድ ጎን ተቃጥሏል። ፊቷ ተርፏል።

በማግስቱ በላይነሽ ወደ ወይዘሮ ዚነት ቤት ሄደች። አሮጊቷ በሩ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነበር።

"ማነሽ?" አሉ ኮቴ ሲሰሙ።

"በላይነሽ ነኝ፤ ከሀስና ጎን የምሠራው።"

"ያች በውሃ ያዳነቻት?" እጃቸውን ዘርግተው ፈለጓትና የበላይነሽን መዳፍ ያዙ። "አላህ ይስጥሽ ልጄ። ትተርፋለች አሉኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ፈሪድስ እስከ መቼ ይጠብቃታል? ረመዳን ነው፤ ገበያው አሁን ነው። ሌላ ሰው ከያዘ ያዘ ነው። ሌላ ልጅ የለኝም።"

በላይነሽ ትንሽ ተቀምጣ፣ ውሃ ቀድታላቸው፣ በቀጥታ ወደ ፈሪድ ሄደች። ፈሪድን ራሱን ምድጃው ሥር ተንበርክኮ በካርቶን እያራገበ አገኘችው። ዓይኑ በጢስ ቀልቷል።

"ፈሪድ፣ ተነሥ" አለችው። "እሳቱን እኔ እይዝልሃለሁ፤ ሀስና እስክትድን። ደመወዙን ለእናቷ ትሰጣለህ። ቦታዋን ለማንም እንዳትሰጥ።"

ፈሪድ ቀና ብሎ አያት። "እትዬ፣ አንቺ እኮ ጾመኛ ነሽ። እዚህ ደግሞ ሥጋ ነው።"

"አንተስ ጾመኛ አይደለህ?"

"የኔው ማታ ይፈታል። ያንቺው እስከ ፋሲካ ነው።"

"ሥጋውን አልነካም። እኔ የምነካው ከሰል ነው።"

ፈሪድ ተነሥቶ "ኢንሻአላህ፣ ቦታዋ የሷው ነው" አለና ካርቶኑን አቀበላት። እሷ ግን አስቀምጣው ቆርቆሮዋን ልታመጣ ሄደች።

ወሬው ሳይውል ሳያድር ካሣዬ ጆሮ ገባ። ካሣዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሰው አፍ ግን ይፈራል። ቤቷ ድረስ መጣ።

"በላይነሽ፣ እኔ ቤት ዘግቼ ጾሜ፣ የኔ ሠራተኛ እዚያ ጢስ ውስጥ ቆማ ስትታይ ደንበኛ ምን ይላል? በዐቢይ ጾም!"

"የተቃጠለችውን ልጅ አይተሃታል?"

"ሰምቻለሁ፤ አዝኛለሁም። ግን ለሷ የሚሆን የራሷ ሰው አይጠፋም። ለፋሲካ ሌላ ሰው ብፈልግ እንዳትቀየሚኝ።"

ይህ ነገር ከበዳት። የካሣዬ ጓሮ ለዓመታት እንጀራዋ ነው። ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ የንስሐ አባቷን ጠብቃ የፈሪድን ጓሮ ሥራ ነገረቻቸው።

"ወለተ ማርያም፣ ሥጋውን ትቀምሻለሽ?" አሏት ቄሱ በክርስትና ስሟ ጠርተው።

"አልቀምስም፣ አባቴ።"

"ትፈልጊዋለሽ?"

በላይነሽ አሰበች። "ሽታው ይመጣብኛል፣ አባቴ። አልዋሽም። ምራቄ ይሞላል።"

ቄሱ ሳቅ አሉ። "ጾም ማለት እኮ እሱ ነው። ያልተራበማ ምን ጾመ? የልጅቱ እናት ዓይኗ ደክሟል አልሽኝ? ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ። ዳዊትሽን ግን እንዳትተዪ።"

ስለ ካሣዬ አልጠየቀቻቸውም። የሱ ነገር የእሷ ዕዳ እንደሆነ አውቃዋለች።

እንዲህ ሆኖ በላይነሽ ረመዳኑን በፈሪድ ጓሮ አሳለፈች። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሽሮዋን ቀምሳ ትመጣለች፤ ቆርቆሮዋን ታቆማለች፤ ተራ በተራ ምድጃዎቹን ትሞላለች። የፈሪድ ሠራተኞች ከንፈራቸው ደርቆ፣ ዓይናቸው ፀሐይዋ ላይ ሆኖ ሥጋውን ይዘለዝላሉ። ማንም ከምድጃው የወጣውን አይቀምስም፤ ጨው በዛ አነሰ የሚል የለም። መጀመሪያ ላይ እንግዳ ነገር ይመስላት ነበር። ኋላ ግን ለመደችው፤ አንዳቸውም እንዳይበሉ ሆነው ለሰው ምግብ እያደረሱ ነው፤ ይህ ደስ ይላት ጀመር።

መግሪብ አዛን ሲል ሥራው ሁሉ ቀጥ ይላል። ፈሪድ ተምርና ውሃ እያዞረ ይሰጣል። የመጀመሪያው ቀን በላይነሽ ፊት ደርሶ ቆመ፤ ሰጥቶ እንዳያሳፍራት፣ አልፎም እንዳያስቀይማት ተቸገረ።

"ተምር ሥጋ ነው እንዴ?" አለች በላይነሽና እጇን ዘረጋች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተምሩ ለሷም ይቆጠር ነበር። የፈሪድ ባለቤት ነጃትም ሳምቡሳውን ስትልክ፣ የምስሩን በሌላ ሳህን ለይታ "ይቺ የእትዬ ናት" እያለች ትልክላት ጀመር።

ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ሀስናን ልትጠይቅ ትሄዳለች። ሀስና መጀመሪያ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅስ ነበር።

"ነግረሽኝ ነበር" አለች አንድ ቀን። "ነግረሽኝ ሳቅሁብሽ።"

"እኔም ስቄ ነበር እኮ" አለቻት በላይነሽ። "ቆጣ ማለት ነበረብኝ። አሁን እሱን ተይው፤ እጅሽን አንቀሳቅሺ ብለውሻል አይደል? እስቲ አሳይኝ።"

ሀስና ጣቶቿን ለመጨበጥ ሞከረች። ግማሽ መንገድ ደርሰው ቆሙ። በላይነሽ መዳፏን ከሥር ያዘችላት፤ እንደገና ሞከሩ።

ኢድ አለፈ። ሀስና ከሐኪም ቤት ወጥታ እቤቷ ገባች። የክርስቲያኑ ጾም ግን ገና ነበርና በላይነሽ በፈሪድ ምድጃ ሥር ቀጠለች። ካሣዬ በአስፋልቱ ሲያልፍ ከሩቅ ሰላም ይላታል፤ ቀርቦ አያናግራትም። ለፋሲካ ሌላ ሴት ማነጋገሩን ሰው ነገራት። ያን ቀንም ቆርቆሮዋን አቁማ ከሰሉን ደረደረች። ለማንም አልተናገረችም።

የተናገረው ወሬውን የሰማው ፈሪድ ነው፤ ለሀስና። ሀስና ሻሿን አንገቷ ድረስ ጠምጥማ፣ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን በደረቷ ይዛ፣ ከእሳቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አስፋልቱ ዳር ወጣች። የካሣዬ ሥጋ ቤት በሩ ገርበብ ብሎ፣ እሱ ውስጡን ለበዓል ኖራ ያስቀባ ነበር።

"ጋሽ ካሣዬ፣ እንደምን አሉ?"

ካሣዬ ዞሮ ሲያያት ከወንበሩ ተነሣ። ከዚያ ቀን ወዲህ አላያትም ነበር። ዓይኑ እጇ ላይ አረፈ፤ ከዚያም መሬት መሬት አየ።

"እግዜር ይማርሽ፣ ሀስና። ግቢ፣ ተቀመጪ።"

"አልቀመጥም። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። እትዬ በላይነሽን ከሥራ አስወጥተዋታል አሉ። እሷን ካስወጧት እኔ ነኝ ያስወጣኋት። ከተቃጠልኩት ይልቅ እሱ ነው የሚቆጨኝ።"

"ማን አስወጣት?" አለ ካሣዬ ፊቱ ደም ለብሶ። "ማነው እንዲህ ያለው?"

"ሌላ ሴት አነጋግረዋል አሉኝ።"

"ለዕቃ አጠባ ነው!" አለ ካሣዬ። ቀለም ቀቢው መሰላል ላይ ሆኖ ሳቀ። ካሣዬ ቀና ብሎ ሲያየው ወደ ግድግዳው ዞረ። ከዚያ ካሣዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ንገሪያት፤ የቅዳሜ ሹር ማለዳ ትምጣ። ምድጃው የሷ ነው" አለ።

ያቺ ሴትም እውነትም ዕቃ አጣቢ ሆና ተቀጠረች። ካሣዬ ከመጀመሪያው ለዚያ አስቦ ይሁን፣ ወይም ሀስናን ካየ በኋላ አሳቡን ለውጦ፣ በላይነሽ ጠይቃው አታውቅም። ፋሲካ ዕለት ግን ቤቷ ድረስ ዶሮ ልኮላታል።

ከፋሲካ በኋላ ሀስና ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ሥራው ግን እምቢ አላት። አንድ ደንበኛ ሲጋራ ሊለኩስ ክብሪት ሲጭር ወደ ኋላ ዘልላ አግዳሚውን ገለበጠችው። እጇ ይሠራል፤ ጣቶቿ ሙሉ በሙሉ ባይጨብጡም መቆንጠጫ ይይዛሉ። ልቧ ነው እምቢ ያለው። ፈሪድ ሽንኩርትና ቃሪያ እንድትከትፍ አደረጋት፤ እሳቱን እሱና ሠራተኞቹ እየተቀያየሩ ይዘው ቆዩ። በላይነሽም ከወዲያ በኩል ፍም ታቀብላቸው ነበር።

አንድ ጠዋት፣ የካሣዬ ጓሮ ደንበኛ ሳይገባበት፣ በላይነሽ ወደ ፈሪድ ጓሮ ተሻግራ ሀስናን ጠራቻት።

"አመድ ጥረጊልኝ።"

ሀስና የቀዘቀዘ ምድጃ ጠረገች። በሌላ ቀን በላይነሽ ለፈሪድ ጓሮ በበሳሳችው ሌላ ቆርቆሮ ከሰሉን እንድትደረድርላት አደረገች፤ እሳት የሌለውን። ከዚያ በኋላ አመድ የለበሰ ፍም በመቆንጠጫ እንድታገላብጥ። ፍርሃቷ የባሰባት ቀን ሀስና መቆንጠጫውን ጥላ ትሄዳለች፤ በላይነሽ አትጠራትም። በማግስቱ ራሷ ትመጣለች። እንዲህ እያሉ ግንቦት ሊያልቅ ደረሰ።

የመጀመሪያው ዝናብ የዘነበ ዕለት ከሰሉ ረጥቦ የፈሪድ ሠራተኞች ሊያቀጣጥሉት አቃታቸው። በላይነሽ በካሣዬ ጓሮ ሥራ ላይ ነበረች፤ ደንበኛ ሞልቶባታል። ቀና ስትል በተገነጠለው አጥር በኩል ሀስና ከወዲያ ምድጃው ፊት ቆማለች። በግራ እጇ ረጅም የማሽላ አገዳ ይዛለች፤ የአገዳው ጫፍ ይነዳል። ክንዷን እስከቻለችው ድረስ ዘርግታ፣ ፊቷን መለስ አድርጋ፣ ጫፉን ቆርቆሮው ሥር ሰደደችው። ቆረቆንዳው ጢስ አወጣ። ሀስና አልሸሸችም። ጢሱ ሳስቶ እሳቱ ከታች ሲያጉረመርም አገዳውን ውሃ ውስጥ ነከረችና እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። እንባዋ ይወርዳል።

በላይነሽ በአጥሩ ቀዳዳ አንገቷን አሾልካ አየቻት።

"ጢሱ ነው" አለች ሀስና በመዳፏ ዓይኗን እየጠረገች።

"አዎ፣ እርጥብ ከሰል ያጨሳል" አለች በላይነሽ። "ተነሺ፣ ሁለተኛውንም ምድጃ ለኩሺው። ሰው ዝናብ ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል።"

ሀስና ቀሚሷን አራግፋ ተነሣች።